በማርሽ የቆመው ፒካፕ እንዴት እንደተንሸራተተ

የምስክርነት ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሪት አይናለም ይስሃቅ
ዕድሜ፦ 27
የትውልድ ቦታ፦ ደብረ ብርሃን
አድራሻ፦ ሎዴ ሂጦሳ ወረዳ፣ ከሁሩታ ከተማ በላይ ባለ የገጠር ቀበሌ፣ የመምህራን መኖሪያ
ሥራ፦ የባዮሎጂ መምህርት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ዑራኤል ዘሪሁን
ማሳሰቢያ፦ ምስክሯ አፋን ኦሮሞ አጥርተው ስለማይናገሩ ቃላቸውን በአማርኛ ተቀብለናል። በዚህ ጉዳይ ቃል ሲሰጡ ሁለተኛ ጊዜያቸው ነው።

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው ሲሆን ከተጎጂዋም ሆነ ከአሽከርካሪው ጋር ዝምድናም ጠብም የለኝም። አደጋው በደረሰበት ዕለት በቦታው ለመጣው ፖሊስ ቃል ሰጥቻለሁ። በዚያን ጊዜ የተናገርኩት እውነት የመሰለኝን ነው፤ ዋሽቼ አይደለም። ሆኖም ልክ አልነበረም። ዛሬ የቀረብኩት ያንን ለማረምና ከዚያ በኋላ ያየሁትን ለማስረዳት ነው።

ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ረቡዕ የታመመ ጥርሴን ለማስነቀል ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ አሰላ ሄድኩ። ጥርሴ ከተነቀለ በኋላ እዚያው ጓደኛዬ ቤት አድሬ በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራዬ ለመመለስ ወጣሁ። መነኸሪያው በር ላይ ቆሜ ሳለ አሽከርካሪ ከሊፋ ሽኩር አይቶኝ መኪናውን አቆመልኝ። ከሊፋ የሚያሽከረክረው ነጭ አሮጌ ፒካፕ የአሰላ ነጋዴ የሆኑት የአቶ ገብረ መድህን ወልደ ጊዮርጊስ ንብረት ሲሆን፣ ሐሙስ ሐሙስ ከእኛ ትምህርት ቤት በታች ካለው ገበያ ድንች ይጭናል። መንገድ ላይ ያገኘንን መምህራን ሁሉ ስለሚያሳፍረን እኔንም ከዚያ በፊት ያውቀኛል። ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም።

ገና ከመነሳታችን ከኋላችን ከሥር ብረት በመዶሻ የተመታ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ኢተያን አልፈን ፍጥነት ስንጨምር ደግሞ እንደ ሩቅ ወፍጮ የሚያጉረመርም ሌላ ድምፅ መጣ። ከሊፋ እግሩን ከነዳጅ ላይ ሲያነሳ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲረግጥ ይወፍራል። ከየት በኩል እንደሚሰማኝ ጠየቀኝ። በግራ ነው አልኩት። እሱ ግን በቀኝ እንደሚሰማው ነገረኝ። ቀጥሎም ድምፁ ከመስከረም በፊት እንደጀመረ፣ መጀመሪያ ያየው መካኒክ ክሮቸራ ነው ብሎ እንደቀየረለት ነገረኝ። ክሮቸራ ማለት ከማርሹ ሳጥን ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያደርሰውን ረጅም ብረት የሚያጋጥም መስቀል መሳይ ዕቃ መሆኑን በጣቶቹ አሳየኝ። ድምፁ ጥቂት ቀን ጠፍቶ ተመልሷል። ሁለተኛው መካኒክ ደግሞ የሚሽከረከረውን ብረት የሚሸከመው ኩሽኔታ ነው ብሏል። ዘይት ሲቀየር ከዲፈረንሻሉ፣ ማለትም ከኋላ በሁለቱ ጎማዎች መሐል ካለው ድቡልቡል ብረት ውስጥ፣ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ እንደወጣና ከሊፋ ራሱ ይከፈት ብሎ ለባለንብረቱ እንደነገራቸው፣ እሳቸውም የድንቹ ወቅት ይለፍ እንዳሉት ገለጸልኝ።

ሁሩታን አልፈን ጠጠር መንገዱ ሲጀምር ሜዳ ቦታ ላይ አቁሞ ከሥር ገባ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ረጅሙን ብረት በሁለት እጁ ይዞ ወዲህና ወዲያ ሲያዞረው ብረቱ ጥቂት በባዶው ይሄድና ከዚያ ኳ ብሎ ይይዛል። ይህ መጥፎ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አሮጌ መኪና ትንሽ ልል መሆኑ ያለ ነው፣ ይሄ ግን ትንሽ አልመሰለኝም አለኝ። ወጥቶ እጁን በአፈር አሽቶ ጉዞ ቀጠልን። የእጅ ፍሬኑ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ እንደማይዝ፣ ስለዚህ ዳገት ላይ ሲያቆም ማርሽ አስገብቶ ከጎማው ሥር ድንጋይ እንደሚያደርግ የነገረኝም ያኔ ነው።

ገበያው የደረስነው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከሊፋ መኪናውን ከገበያው በላይ ባለው ዳገት ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ አቆመ። ሞተሩን አጥፍቶ የማርሹን ዘንግ ወደ ፊት ገፍቶ አንደኛ ሲያስገባ እጁን አይቻለሁ። ቁልፉን እንደተሰካ ትቶ፣ ድንጋይ ፈልጎ ጫኞቹንም እንደሚጠራ ነግሮኝ ወረደ። ከገበያው በላይ ያለው ትምህርት ቤት ድረስ ከጭነት በኋላ ሊያደርሰኝ ስለነበር እኔ ጋቢናው ውስጥ ቀረሁ። ከኋላችን ዝቅ ብሎ ሚዛን ተተክሎ ሴቶች ከብበውት ድንች ያስመዝኑ ነበር። ከሚዛኑ በስተቀኝ የባሕር ዛፍ አጥር አለ፤ በአጥሩ ሥር ቀጭን መንገድ ያልፋል።

ጫኞቹ አሽከርካሪው ሳይመለስ በራሳቸው መጥተው ጆንያ መወርወር ጀመሩ። አንድ ጆንያ ባረፈ ቁጥር መኪናው ዝቅ ሲል ይሰማኝ ነበር። ጠዋት የዋጥኩት የሕመም ማስታገሻ ኃይሉ አልቆ መንጋጋዬ ይጠዘጥዘኝ ስለጀመረ ከቦርሳዬ ሌላ ላወጣ ፈለግሁ። ቦርሳው በሁለቱ ወንበሮች መሐል ነበር። ማንገቻው በማርሹ ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ ስላስቸገረኝ ሳብ አደረግሁት። በዚያው ቅጽበት ከበታቼ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ወንበሩ ድረስ ነዘረኝ። መኪናውም ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ማንገቻውን መሳቤና ድምፁ በአንድ ጊዜ ስለሆኑብኝ የቱ እንደቀደመ ዛሬም መናገር አልችልም።

ሰዎች ከውጭ ዱባ፣ ዱባ እያሉ ይጮሁ ነበር። ገበያ ስለሆነ የአትክልት ስም የሚጠሩ መሰለኝና ለምን አሁን ዱባ እንደሚሉ ግራ ገባኝ። በአፋን ኦሮሞ ኋላ ማለት መሆኑን የተረዳሁት በማግስቱ የሥራ ባልደረባዬ ስትነግረኝ ነው። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት፤ ከምንም ጋር እንዳልታሰረ ቀልሎ ወደ ላይ መጣ። መኪና መንዳት አልችልም። ዞር ስል በኋላው መስታወት ሚዛኑ ጋ ያሉትን ሴቶች አየሁ። ከዚያ መሪውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ራሴ ጎተትኩት። የመኪናው ጀርባ ወደ ቀኝ ዞረ፣ አጥሩን ሰብሮ ግንድ ላይ ቆመ። በዚያን ሰዓት ወ/ሮ ፈይሩዛ አማን የምትባል ድንች ሻጭ ባዶ ጆንያ ይዛ በአጥሩ ሥር እያለፈች ስለነበር መኪናው ከግንዱ ጋር አጣብቋት የቀኝ እግሯ ተሰበረ።

ሰዎች በሩን ከፍተው አወጡኝ። ከሊፋ ድንጋይ በእጁ እንደያዘ እየሮጠ መጣ። ወደ ጋቢናው አንገቱን አስገብቶ አየ። የቦርሳዬ ማንገቻ አሁንም በማርሹ ዘንግ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ዘንጉን፣ አንድ ጊዜ እኔን ተመለከተ። ድንጋዩን ጥሎ ከሰዎቹ ጋር መኪናውን ገፍተው ወ/ሮ ፈይሩዛን አላቀቋት፤ በሌላ መኪናም ወደ ሕክምና ተወሰደች።

ፖሊስ ሲመጣ ማርሹን በቦርሳዬ ስቤ ያወጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ቃል ሰጠሁ። ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል ብዬ አላሰብኩም። ከሊፋ ግን ቃሌን አቋርጦ፣ "እሷ ምንም አልነካችም፤ ማርሽ ሳላስገባ የወረድኩት እኔ ነኝ" አለ። ይህን ስሰማ በጣም ግራ ተጋባሁ። ሲያስገባ እጁን አይቻለሁ። እሱ አላስገባሁም ካለ ግን ያየሁት ምን ነበር እያልኩ ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ፤ ጥርስ ሕመሙ ሌሊቱን ስላላስተኛኝ ያልሆነውን ሆኗል ብዬ ይሆናል አልኩ። ረዳት ሳጅን ዑራኤል ጋቢናውን ሲፈትሽ ማርሹ አንደኛ ላይ ነበር። አላስገባሁትም ያልከው ማርሽ እንዴት አንደኛ ላይ ተገኘ ብሎ ሲጠይቀው ከሊፋ ከአደጋው በኋላ ነው ያስገባሁት አለ። እኔ ደግሞ ከሊፋ አንገቱን እንጂ እጁን ወደ ውስጥ ሲያስገባ አላየሁም። ይህን በዕለቱ ለፖሊስ አልተናገርኩም፤ ምክንያቱም በዓይኔ ላይ ያለኝ እምነት ጠፍቶ ነበር። ከሊፋ በዚያው ዕለት በቁጥጥር ሥር ዋለ።

ቅዳሜ ዕለት ባለንብረቱ አቶ ገብረ መድህን መኖሪያዬ ድረስ መጡ። በትሕትና ነው ያነጋገሩኝ። ጥፋቱን ሁለታችሁም ስላመናችሁ ስለ እጅ ፍሬኑና ስለ ድምፁ ማውራት ነገር ማብዛት ነው፣ መኪናው በቅርቡ የተጠገነ ነው አሉኝ። ስለ እጅ ፍሬኑ ማንም ሳይጠይቃቸው ለምን እንዳነሱት አልገባኝም። እሺም እምቢም አላልኳቸውም። ሰኞ ክፍል ገብቼ ስለ አጥንትና መገጣጠሚያ ማስተማር ጀምሬ መሐል ላይ አቋርጬ ተማሪዎቹን ቀድሜ አሰናበትኳቸው።

ጥቅምት 19 ቀን ረቡዕ በፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ ጥሪ ወደ ሁሩታ ወረድኩ። መኪናው ተጎትቶ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር። ረዳት ሳጅን ዑራኤል ሁለት ሰዎች ለአንድ ጥፋት ሲሻሙ አይቶ እንደማያውቅ ነግሮኝ፣ መካኒክ አቶ ጉቱ ቱፋ እንዲመረምረው እንዳስጠራው ገለጸልኝ። ከሊፋም ከማረፊያ ቤቱ ወጥቶ ቀርቦ ነበር። ቦርሳዬ የት እንደነበረና እንዴት እንደሳብኩት እንዳሳይ ታዘዝኩ። ጋቢናው ውስጥ ገብቼ አሳየሁ፤ ዘንጉን ለመንካት ግን እጄ እምቢ ብሎኝ አቶ ጉቱ ራሱ ነካው። ቦርሳውን ደጋግሞ ጎተተው። ማርሹ ከአንደኛ አልወጣም።

ቀጥሎ ማርሹ አንደኛ ላይ እንዳለ፣ ሞተሩም እንደጠፋ፣ ፖሊሶቹ መኪናውን እንዲገፉ ጠየቃቸው። በቀላሉ ሄደላቸው። እንደገና ወደ ኋላ ገፉት፤ ሄደ። ረዳት ሳጅኑ ማርሹ ወጥቶ ይሆናል ብሎ ገብቶ አየ። እዚያው አንደኛ ላይ ነበር። እኔ ምንም አልገባኝም፤ ከሊፋ ግን በዚህ ጊዜ ከቆመበት ወደ መኪናው ቀረበ።

አቶ ጉቱ በክሪክ ኋላውን አንስቶ ሁለቱም ጎማዎች ከመሬት ለቀው እንዲንጠለጠሉ አደረገ። ግራውን ጎማ በእጁ ሲያዞረው ቀኙ ቆሞ ቀረ። ደህና ቢሆን ማርሽ ውስጥ እያለ አንዱ ወደ ፊት ሲዞር ሌላው ወደ ኋላ ይዞር እንደነበር አስረዳን። ቀኙን ሲያዞረው ደግሞ ያለ ምንም ክብደት ብቻውን ተሽከረከረ። ከሊፋ ዝቅ ባለ ድምፅ ሰሚያስ ነው አለ። አቶ ጉቱም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የቀኙን ጎማ ፈቶ፣ ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደውን፣ ሰሚያስ የሚሉትን ክንድ የሚያህል ብረት ስቦ አወጣ። ጫፉ የለም። ጫፉ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል። የተሰበረውን ፊት አሳየን፤ አብዛኛው በዘይት የጠቆረ አሮጌ ስንጥቅ ሲሆን ከዳር ያለው ጥቂቱ ብቻ አዲስ የተሰበረ ነጭ ብረት ነበር። መኪናውን ዳገት ላይ ይዞት የነበረው ያ ጥቂት ነጭ ብረት መሆኑን፣ ጆንያው ሲከብደው እንደበጠሰው፣ አንዱ ሰሚያስ ከተቆረጠ ደግሞ ማርሽ መግባቱ ምንም እንደማይዝ ነገረን። እኔ የሰማሁት ቀጭ የሚለው ድምፅ ይህ መሆን አለበት አለ። ጉዞ ላይ የነበረውን ጉርምርምታ ግን ስንጥቁ ያመጣው ይሁን ሌላ ነገር፣ ዲፈረንሻሉን ሙሉ በሙሉ ሳይፈታ እንደማያውቅ ተናገረ።

ረዳት ሳጅኑ ከሊፋን ለምን ያላደረገውን አድርጌአለሁ እንዳለ ጠየቀው። ከሊፋ መልሱን ለእሱ ሳይሆን ለእኔ ነው የሰጠው። "ማርሹን አስገብቻለሁ፤ ማንገቻሽን እዚያ ላይ ሳይ በቃ ሳታውቂ ነቅለሽዋል፣ ስትንገላቺም ተመልሶ ገብቷል አልኩ። ቲቸር፣ አንቺ ለአገሩ እንግዳ ነሽ። እኔ ብታሰር ስንቅ የሚያመጣልኝ ሰው አለ። አንቺን ማን ይጠይቅሻል?" አለኝ። ላመሰግነው ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን በእሱ ቃል ምክንያት ስንት ቀን የገዛ ዓይኔን ስጠራጠር እንደቆየሁ ታሰበኝና ማልቀስ መጣብኝ። ተቆጥቼ ይሁን ደስ ብሎኝ ለራሴም አልለየልኝም። እሱ ደግሞ ድንጋዩን ሳላደርግ ጫኞቹ መጀመራቸው የእኔው ጥፋት ነው፣ አንቺን አስቀምጬ መውረድም አልነበረብኝም አለ። ይህንንም ረዳት ሳጅኑ ሰምቷል።

በማግስቱ ጥቅምት 20 ቀን ወ/ሮ ፈይሩዛ የተኛችበት አሰላ የሚገኝ ሆስፒታል ሄድኩ። እስከዚያ ቀን ያልሄድኩት ፊቷን ለማየት ስለፈራሁ ነው። እግሯ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ታናሽ እህቷ ራቢያ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። ማርሹን እንዳልነካሁ፣ ብረት መሰበሩን፣ መኪናው ወደ እሷ የመጣው ግን እኔ መሪውን ስለጎተትኩት መሆኑን ነገርኳት። ይህን እስከዚያ ሰዓት ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ሁሉም ስለ ማርሹ ነበር የሚጠይቀው።

ወ/ሮ ፈይሩዛ መሪውን ስጎትት በመስታወቱ እንዳየችኝ ነገረችኝ። ከዚያም ወደ እህቷ በአገጯ እያመለከተች፣ "ሚዛኑ ጋ የነበረችው እሷ ናት፤ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር። አውቀሽ ነው ያዞርሽው?" ብላ ጠየቀችኝ።

ሴቶቹን አይቻለሁ፤ ይህ እርግጥ ነው። መሪውን የያዝኩት እነሱን ለማዳን ይሁን ወይም የምይዘው ነገር አጥቼ፣ ደጋግሜ ባስበውም መልሱን አላገኘሁትም። አዎ ብላት ደስ ሊላት እንደሚችል ታውቆኝ ነበር። አላውቅም አልኳት።

"እንግዲያው አላህ ነው ያዞረው" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ "ግን እግሬ በጣም ያመኛል፣ ቲቸር" አለችኝ። ራቢያ ከተቀመጠችበት ተነስታ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። እስከ ጥየቃው ሰዓት ማብቂያ ድረስ ተቀምጬ ወጣሁ።

ስለዚህ ማርሹን በቦርሳዬ አውጥቻለሁ በማለት ጥቅምት 13 ቀን የሰጠሁት ቃል ስሕተት ስለሆነ በዚህ እንዲተካልኝ እጠይቃለሁ። አሽከርካሪው ማርሹን አንደኛ አስገብቶ ሲወርድ አይቻለሁ። የእጅ ፍሬኑ እንደማይዝና ዲፈረንሻሉ እንዲከፈት ለባለንብረቱ እንደነገራቸው ከአደጋው በፊት ከራሱ አንደበት ሰምቻለሁ። ባለንብረቱም ይህን እንዳላነሳ አነጋግረውኛል። መሪውን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ለምን እንዳዞርኩት ተጠይቄ የማውቀው ይኸው የተናገርኩት ብቻ ነው።

ቃሌ በማውቀው ቋንቋ ተነቦልኛል። የማውቀውን አውቃለሁ፣ የማላውቀውን አላውቅም ብዬ የሰጠሁት፣ ማንም ያላስገደደኝና ያላባበለኝ የራሴ ቃል ነው። በፍርድ ቤትም ብጠየቅ ይህንኑ እደግማለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ አይናለም ይስሃቅ

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ረዳት ሳጅን ዑራኤል ዘሪሁን